አንድ ቃል በአምስት መስኮት

ክላክስቪክ ወደብ ላይ፣ ከመረብ ሠሪው ፎቅ፣
ከቀኑ ዘጠኝ ላይ ጀንበር ስትጠልቅ፣
ራንቫ ኮምፒውተር ላይ አምስት መስኮት ትከፍታለች፤
አንዱም ባሕር አያሳይም፤ ይህን ታውቃለች።

አንድ ገጽ ነው ሁሉም፤ የጀልባ ማስታወቂያ፣
ከታች ነጭ ሣጥን፣ ለሕዝቡ መጻፊያ።
ሥራዋ ይኸው ነው፦ አውቆ መሳሳት፣
ያንኑ ግድፈት አምስት ቦታ መክተት፣
የትኛው እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚያልፍ፣
ያለ ምንም ስሜት መዝገብ ላይ መጻፍ።

ቋንቋው የጥቂት ደሴት፤ ከፊደሉ አንዲቱ
ትጻፋለች እንጂ አትሰማም በአንደበቱ።
(እኛስ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ እያልን፣
በቀይ እስክሪብቶ ስንቴ ተገረፍን?)

የመጀመሪያው ብራውዘር፣ ውሎ ሳያድር፣
ከግድፈቷ በታች ዘረጋ ቀይ ክር።
ሁለተኛው ዝም አለ፤ ጠቅ እስክታደርገው፣
እንደ እንቅልፋም ዘበኛ፣ ኋላ "ማነው?" ሊል ነው።
ሦስተኛው ዴንማርክኛ እንጂ ሌላ አያውቅም፣
ትክክሉን ሁሉ ሲያደማ አይጨነቅም።
አራተኛው ስልክ ነው፤ እሱ ጨዋ መሳይ፣
መስመር አያሰምርም፣ አይልም "እዚህ ላይ"፤
ጣትሽ ክፍተቷን እስክትነካ ጠብቆ
የራሱን ያኖራል፣ ያንቺን ቃል ሰርቆ።
አምስተኛው አሮጌ፣ የወደቡ ሹም ነው፤
ሃኑስ "ይሠራል" ሲል ከማዘመን ያዳነው።
አራሚ የለውም፤ የጻፉለትን
ይቀበላል እንዳለ፣ ክፉና ደጉን።

"ተስማሚነት፦ ከፊል።" ባለፈው ኅዳር ግን
"ከፊል" የምትል ቃል አልበቃችም ለእኛ፣ አለች፣ ለሆነብን።

ነፋሱ ከሞተ ከሁለት ቀን ኋላ፣
ላዩ መስታወት ነው፤ ከሥር ግን ሌላ፣
ቂሙን ያልረሳ ውኃ የሚያብጥበት፤
የሰሜን ሽማግሌ አንድ ቃል አለው ለዚህ ዓይነት።
(ቃሏን አልጽፋትም። ብጽፋት፣ እዚህም
ከሥሯ ቀይ መስመር አይጠፋም።)

ሽማግሌው ዳንጃል በልጅ ልጁ ስልክ
"ዛሬ ሰሜን በኩል..." ብሎ ቃሏን ሲልክ፣
ስልኩ አያውቃትም፤ መልኳ የሚቀርብ፣
በአንድ ፊደል ብቻ የራቀች ከአጠገብ፣
ሌላ ቃል አስገባ፤ "ረጋ ያለ" አለ።
ማስታወቂያው ወጣ። ማን አስተዋለ?

ብያርኪ አነበበው። ሃያ ሁለት ዓመቱ፣
ጀልባ የገዛው በሰኔ ነው፣ ተበድሮ ከአክስቱ።
ሲመሽ ጎትተው አመጡት፣ መረቡን ጥሎ፣
አንድ እግሩ ቦት ጫማ፣ አንዱ ካልሲ ብቻ አጥልቆ፣
ከንፈሩ ሰማያዊ። የጠየቀው ነገር
"ዳንጃል ዋሸኝ እንዴ?" ይኸው ብቻ ነበር።
ሽማግሌው ስልኩን አገላበጠው።
"ጣቱ የኔ ነው" አለ፣ "ቃሉ ግን የማን ነው?"

ዛሬ ራንቫ ፊት፣ ቅጹ ላይ፣ "የችግሩ ክብደት" የሚል አለ፤
ማንም ሳይነካው "ቀላል" ተብሎ የዋለ።
ሰረዘችው።
ቃሏን ከዳንጃል አፍ፣ ከነአጻጻፏ፣
መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አኖረቻት በሰልፏ።
ቀጥላ የባሕሩን ሣጥን አዘዘች፦
"አትተካ። ጠይቅ።" ደግማም ፈተነች።

አንደኛው አሳለፋት። ሁለተኛው እንዳመሉ።
ሦስተኛው አሁንም ይደማል በሙሉ።
ስልኩ "ይህን ማለትሽ ነው?" ብሎ ጠየቃት፤
በአውራ ጣቷ "አዎን" አለች፤ ትንሽ ቀለላት።
የሃኑስን ማሽን ከፍታ ስትበረብር
ቃሏን አገኘቻት፤ በዓመት ዓመቱ ክምር
አሥራ ሰባት ጊዜ፣ ማንም ሳያቀላት፣
እንደ ተጻፈች፣ እንደ ነበረችበት።
በመዝገቡ ግን፣ ሕጉ ነውና፣
"አምስተኛው፦ አይደገፍም" አለች፣ ጽፋ ተነሣችና።

ስድስተኛው መስኮት፣ የግድግዳው፣ ጉም ለብሷል።
በእጅጌዋ አበሰችው። ነፋሱ አቁሟል።
ሰሜኑ ለስልሷል፣ አንድም መስመር የለው።
ከሁለቱ ቃላት የትኛዋ ትሆን፣ ያሁኑን የምትለው?